ቅዱስ ሙሴ ጸሊም፦ በጸጋ የጸደቀ ታጋይ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ይህን የምሥረታ በዓል መታሰቢያ መጽሔት እየገለጣችሁ እዚህ ገጽ ስትደርሱ ብዙ ፎቶግራፍና ብዙ ቍጥር አልፋችሁ ነው። በየዓመቱ ምን እንደ ተሠራ፣ ማን ስንት ዓመት እንዳገለገለ በየቦታው ተጽፏል። መጻፉም ተገቢ ነው። ስፋቷ 1 ካሬ ማይል እንኳ በማይሞላው በዚህች በፓይን ሌክ፣ በሐይቅና በጥድ ዛፍ መካከል፣ የግዕዝ ቅዳሴ እንዲሰማ የደከሙ ሰዎች ድካማቸው ሊረሳ አይገባም። ነገር ግን ሰው የሠራውን ሲቈጥር ሳያስበው ቍጥሩን የጽድቁ መሠረት አድርጎ ሊይዘው ይችላል። ያልሠራውን የሚቈጥር ደግሞ ከበር ይመለሳል። ሁለቱም የታመሙት በአንድ በሽታ ነው፤ አንዱም ሌላውም የሚያየው ራሱን ነውና።

ስለዚህ ለዚህ መጽሔት የአንድ ቅዱስ ታሪክ እንድጽፍ በታዘዝሁ ጊዜ ልቤ ወደ ሙሴ ጸሊም ሄደ። ከቅዱሳን መካከል እንደ እርሱ ብርቱ ታጋይ የሆነ ጥቂት ነው፤ ትግሉ ብቻውን የትም እንዳላደረሰው እንደ እርሱ በግልጽ የተጻፈለትም ጥቂት ነው። በየዓመቱ ሰኔ 24 ቀን፣ በዚህ አገር አቈጣጠር ጁላይ 1፣ ስንክሳር ስሙን ይጠራል። ቀኑ የሥራ ቀን ሆኖ ብዙዎቻችን ሳንሰማው ያልፋልና፣ ቢያንስ በዚህ ገጽ እናስበው።

ሙሴ የኖረው በ4ኛው መቶ ዓመት ነው። በ325 ዓ.ም. 318ቱ ሊቃውንት በኒቅያ ከተሰበሰቡ በኋላ፣ ቅዱስ አትናቴዎስ በእስክንድርያ መንበር ተቀምጦ ስለ ወልድ አምላክነት በሚሰደድበት፣ በአክሱምም በንጉሥ ኢዛና ዘመን አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ወንጌልን በሚሰብክበት ትውልድ ውስጥ ነበረ። ጸሊም ማለት ጥቁር ማለት ነው፤ የዘመኑ ጸሐፍት ኢትዮጵያዊ ብለውታል። እርግጥ ግሪኮች ከግብፅ በስተ ደቡብ የሚኖረውን ጥቁር ሕዝብ ሁሉ በዚህ ስም ይጠሩ ስለ ነበር፣ መንደሩንና ወገኑን ከስሙ ብቻ መለየት አይቻልም። ይህን የምለው ቅዱሱን ከእኛ ለማራቅ አይደለም። አባቶቻችን በገዛ ቋንቋቸው ገድሉን እያነበቡ የራሳቸው አድርገውታል፤ ኢትዮጵያውያን መነኮሳትም በመካከለኛው ዘመን እርሱ በኖረበት በረሃ ሄደው ኖረዋል።

ስለ ወጣትነቱ አስቀድሞ የጻፈልን ጳላድዮስ ነው። ይህ ሰው በግብፅ በረሃ ከመነኮሳቱ ጋር ለዓመታት ከኖረ በኋላ፣ በ420 ዓ.ም. ገደማ ያየውንና የሰማውን በመጽሐፍ አኖረ። እርሱ እንደሚተርከው ሙሴ በአንድ ሹም ቤት የሚያገለግል ባሪያ ነበር። አመሉ ስለ ከፋ፣ እጁም ሌባ ስለ ሆነ ጌታው አባረረው፤ ነፍስ አጥፍቷል የሚል ወሬም ተከተለው። ከዚያ በኋላ የሽፍቶች አለቃ ሆነ።

አንድ ሌሊት ለክፉ ሥራ ሲሄድ የአንድ እረኛ ውሾች ጮኸው አሰናከሉት። ሙሴ በዚህ ቂም ያዘ። እረኛው ከዓባይ ማዶ እንዳለ ሰምቶ፣ ወንዙ ሞልቶ ወርዱ 1 ማይል ያህል በሆነበት ወራት፣ ልብሱን በራሱ ላይ አስሮ ሰይፉን በጥርሱ ነክሶ ዋኝቶ ተሻገረ። እረኛው ከሩቅ አይቶት አሸዋ ውስጥ ተደብቆ ተረፈ። ሙሴም ሰውየውን ቢያጣው ከመንጋው 4 ምርጥ አውራ በጎች አረደ፤ በገመድ አስሮም እየጎተተ ያንኑ ወንዝ ዋኝቶ ተመለሰ። በጎቹን ገፎ የጣመውን ሥጋ በላ፣ ቆዳውን ሸጦ ወይን ጠጅ ጠጣበት፤ ከዚያም ጓደኞቹ ወዳሉበት 50 ማይል ያህል በእግሩ ሄደ።

ይህን ጕልበት ልብ እንድትሉት እለምናለሁ። የፈለገውን ነገር ወንዝ ቢሞላ፣ ሌሊት ቢጨልም፣ መንገድ ቢርቅ በክንዱ ሄዶ የሚያመጣ ሰው ነበር። በኋላ ወደ ገዳም የገባው ይኸው ክንድ ነው።

ወደ እግዚአብሔር የመጣበትን መንገድ የስንክሳሩ ትውፊት እንዲህ ይተርካል። ያሳደጉት ሰዎች ፀሐይን ያመልኩ ነበር። ሙሴ ግን በዚያ ሁሉ ክፋቱ መካከል ሽቅብ እያየ፣ ፀሐይ አምላክ ከሆነች እንድትነግረው፣ ካልሆነችም የማያውቀው አምላክ ራሱን እንዲገልጥለት ይለምን ነበር። የአስቄጥስ በረሃ መነኮሳት እግዚአብሔርን እንደሚያውቁ በሰማ ጊዜ ሰይፉን እንደ ታጠቀ ተነሥቶ ሄደ። የበረሃው ካህን አባ ኤስድሮስ ባዩት ጊዜ ደነገጡ፤ የመጣበትን ሲነግራቸው ግን ተቀብለው ወደ ታላቁ አባት ወደ አባ መቃርስ ወሰዱት። አባ መቃርስም ሃይማኖትን አስተምረው አጠመቁት።

በግብፅ ቤተ ክርስቲያን ስለ ኑዛዜው የሚነገር አንድ ነገር አለ። ሙሴ በጉባኤ ፊት ተንበርክኮ የሠራውን ሁሉ ሲናዘዝ፣ አባ መቃርስ በጥቁር ጽሕፈት የተሞላ ሰሌዳ አዩ። ሙሴ አንዱን ኀጢአት በተናገረ ቍጥር መልአክ ያንን መስመር ይፍቀው ነበር። ኑዛዜው ሲያልቅ ሰሌዳው ፈጽሞ ነጣ።

ጊዜውን አስተውሉ። ሰሌዳው የነጣው ሙሴ አንድ ቀን እንኳ ሳይጾም ነው። ገና አንድ ሌሊት አልቆመም፤ ለማንም ውኃ አልቀዳም፤ በረሃው ስሙን አያውቅም። ያመጣው ነገር ቢኖር ክፋቱን የሚናገርበት አፍና ይቅር የሚል አምላክ አለ ብሎ የታመነ ልብ ብቻ ነው። በጌታ ቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ ያመጣውም ከዚህ አይበልጥም ነበር። ከዚህ በኋላ የምናየው የሙሴ ታሪክ፣ ሰሌዳው መንጣቱን ለማመን ብዙ ዓመት የፈጀበት ሰው ታሪክ ነው ብዬ አስባለሁ።

በመነኰሰ በጥቂት ጊዜ 4 ወንበዴዎች ማንነቱን ሳያውቁ በበዓቱ ገቡበት። አራቱንም አስሮ እንደ ገለባ ጆንያ በጀርባው ተሸክሞ ወደ ቤተ ክርስቲያን አመጣቸውና፣ እርሱ ሰው መጕዳት ስለማይፈቀድለት ምን እንዲያደርጋቸው እንደሚያዝዙት አባቶችን ጠየቀ። ወንበዴዎቹም ያሰራቸው ያ ስመ ጥር ሽፍታ መሆኑን ባወቁ ጊዜ፣ እንዲህ ያለው ሰው ለእግዚአብሔር ከተገዛ እኛስ ምን እንጠብቃለን ብለው መነኰሱ። ልጆቻችን በሰንበት ትምህርት ቤት ይህን ታሪክ ሲሰሙ ይስቃሉ፤ ይሳቁ፣ መልካም ነው።

ከሌላው ጠላት ጋር ግን እንዲህ ቀላል አልሆነለትም። የቀድሞው የፍትወት ልማድ በሐሳቡና በሕልሙ እየመጣ አስጨነቀው፤ ገዳሙን ጥሎ ሊወጣም ምንም አልቀረውም ነበር። ወደ አባ ኤስድሮስ ሄዶ ነገራቸው። እርሳቸውም አልደነቃቸውም። በሉካንዳ ደጅ አጥንት መቈርጠም የለመደ ውሻ በአንድ ቀን እንደማይርቅ፣ በሩ ተዘግቶ የሚሰጠው ሲያጣ ግን ተስፋ ቈርጦ እንደሚሄድ በምሳሌ አስረዱት። ሌላ ጊዜም ወደ ሰገነት አውጥተው ወደ ምዕራብ እንዲያይ አዘዙት፤ ሊዋጉ የተሰለፉ የአጋንንት ብዛት አየ። ወደ ምሥራቅ ሲያይ ደግሞ ቍጥር የሌላቸው የሚያበሩ መላእክት አየ። አባ ኤስድሮስም ከቅዱሳን ጋር ያሉት ከሚዋጉአቸው እንደሚበዙ ነገሩት። ሙሴ ተጽናንቶ ወደ በዓቱ ተመለሰ፤ ተመልሶ ግን የሚያውቀውን ማድረግ ጀመረ፤ በክንዱ መዋጋት።

በቀን ከ12 አውንስ ደረቅ ዳቦ በቀር አይቀምስም ነበር። ብዙ የእጅ ሥራ ይሠራል፤ በቀን 50 ጊዜ ይጸልያል። ሥጋው መነመነ፤ ሕልሙ ግን አልተወውም። ወደ ሌላ አባት ሄዶ ቢያማክር እንቅልፍን እንዲቀንስ ተነገረው። ሙሴም ሌሊቱን ሁሉ በበዓቱ መካከል ቆሞ፣ ዓይኑን ሳይከድን መጸለይ ያዘ። ይህንም ለ6 ዓመታት አደረገው። አሁንም አላሸነፈም።

ከዚያ ደግሞ ሌላ ተጋድሎ ጨመረ። የሸመገሉና በጾም የደከሙ መነኮሳት ራሳቸው ውኃ መቅዳት አይችሉም ነበርና፣ ሌሊት ሌሊት ሳያውቁት ከየበዓታቸው ደጅ እንስራቸውን ያነሣል፤ ሞልቶም ይመልስላቸዋል። ከአንዳንዱ በዓት እስከ ውኃው 2 ማይል ነበር፤ ከአንዳንዱ 5 ማይል፤ ለአንዳንዱ ቅርብ ነበር። ይህ ሥራ ፍቅር ያለበት ስለ ሆነ ከሁሉ እኔን ደስ የሚያሰኘኝ እርሱ ነው። ሙሴ ግን ይህንም ያደረገው ሰውነቱን አድክሞ ሕልሙን ለማሸነፍ ነበር።

አንድ ሌሊት በጕድጓዱ አፍ ጐንበስ ብሎ እንስራውን ሊሞላ ሲል ጋኔን በዱላ ወገቡን መትቶ በቁሙ ጣለው። በማግሥቱ ውኃ ሊቀዳ የመጣ ሰው እንደ ሞተ ሆኖ ተዘርግቶ አገኘውና ለአባ ኤስድሮስ ነገራቸው። ተሸክመው ወደ ቤተ ክርስቲያን አገቡት። ያ ዓባይን በሙላቱ ዋኝቶ የተሻገረ ሰው 1 ዓመት ሙሉ ታሞ ተኛ፤ ጕልበቱ የተመለሰለትም በብዙ ጭንቅ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ አባ ኤስድሮስና ሙሴ የተነጋገሩት፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ በመነኮሳት ታሪክ ሁሉ ውስጥ ከሚገኙት ነገሮች ከከበሩት አንዱ ነው። አባ ኤስድሮስ ከአጋንንት ጋር መታገሉን እንዲተው፣ በተጋድሎም ቢሆን ለጀግንነት ልክ እንዳለው መከሩት። ሙሴ እንቢ አለ፤ ሕልሙ ሳይተወው ትግሉን እንደማይተው ተናገረ። ያን ጊዜ ሽማግሌው ሌላ ምክር አልጨመሩም፤ ሌላ ጾምም አላዘዙም። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሕልሙ እንደ ተወው ነገሩት። ስለዚህም ሳይፈራ ቀርቦ ከቅዱስ ሥጋውና ከክቡር ደሙ እንዲቀበል አዘዙት። ያ ሁሉ ዘመን በፈተና የቈየበትንም ምክንያት ገለጡለት፤ ፍትወትን በራሴ ተጋድሎ አሸነፍሁ ብሎ እንዳይመካ፣ ለጥቅሙ የተደረገ ነበር።

ሙሴ ወደ በዓቱ ገባ። ከ2 ወር በኋላ አባ ኤስድሮስ ሲጠይቁት፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ አንዳች እንዳልነካው መለሰ። ጳላድዮስም ከዚያ በኋላ ሙሴ በአጋንንት ላይ የተሰጠው ሥልጣን እጅግ ታላቅ ስለ ሆነ፣ እኛ ዝንብ የምንፈራውን ያህል እንኳ እርሱ አጋንንትን አይፈራም ነበር ይለናል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አባ ኤስድሮስ ጾም ከንቱ ነው አላሉም፤ ሙሴም ከዚያ በኋላ ጾሙንና ጸሎቱን አልተወም። ቤተ ክርስቲያናችን ሃይማኖትንና ምግባርን አትለያይም፤ ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ 2ኛ ምዕራፍ ያስተማረውን እናውቃለን። ነገር ግን ሐዋርያው ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች በጻፈው በ2ኛው ምዕራፍ ደግሞ መዳናችን የእግዚአብሔር ስጦታ እንደ ሆነ፣ ማንም እንዳይመካ ከሥራ እንዳልሆነ፣ የተፈጠርነው ግን ለበጎ ሥራ እንደ ሆነ በአንድ ትንፋሽ ተናግሯል። ምግባር የዛፉ ፍሬ ነው እንጂ ሥሩ አይደለም። ሙሴ ለ6 ዓመት ሌሊት የቆመው ፍሬውን ሥር ለማድረግ ነበር። በጌታ ምሳሌ ያለው ፈሪሳዊ እንኳ በሳምንት 2 ቀን ይጾም ነበር፤ ቍጥሩ ከእኛ ረቡዕና ዓርብ ጋር እኩል መሆኑን ሳስብ እደነግጣለሁ። ጾሙ አልጐዳውም። የጐዳው ጾሙን ይዞ ቀራጩን ማየቱ ነው።

በደብራችን እሑድ እሑድ የማየውን ልናገር። የቍርባን ሰዓት ሲደርስ ሕፃናት በእናቶቻቸው ክንድ ይቀርባሉ፤ አረጋውያንም ነጠላቸውን አደግድገው ይቀርባሉ። ከሁለቱ መካከል ያለነው፣ ጕልምስናው ላይ ያለነው፣ ባለንበት ቆመን እናያለን። ቢጠይቁን አብዛኞቻችን አልበቃሁም እንላለን። እኔም ለብዙ ዓመታት ከኋላ፣ ከጫማ መደርደሪያው አጠገብ ቆሜያለሁ። ሌሊት ስለምሠራ ጾሙን በሥርዓት አልጨረስሁም፤ ስግደት ጐድሎብኛል፤ ይህን ካስተካከልሁ በኋላ እቀርባለሁ እያልሁ እቈጥር ነበር። ይህ ትሕትና ይመስለኝ ነበር። የሙሴን ታሪክ ሳነብ ግን ሌላ ነገር አየሁበት። የሚበቃኝን ያህል ብሠራ ኖሮ በሥራዬ እቀርብ ነበር ማለት ነው። አባ ኤስድሮስ ሙሴን እንዲቀርብ ያዘዙት ትግሉን ጨርሶ አሸንፎ ሲመጣ አይደለም፤ ተሸንፎ፣ ወገቡን ተመትቶ፣ ከአልጋ ሲነሣ ነው። እርግጥ ሙሴ የተናዘዘ፣ አባት ያለው፣ የአባቱንም ቃል የሰማ ሰው ነበር፤ ያለ ንስሐ በድፍረት መቅረብ ሌላ ነገር ነው። የንስሐ አባት ያለን ግን፣ አባታችን ቅረብ ሲሉን እንቢ የምንልበት ምክንያት ምን እንደ ሆነ እያንዳንዳችን ራሳችንን እንጠይቅ።

ሙሴ ከዚያ ሕመም የተነሣው ሌላ ሰው ሆኖ ነው። ከዚህ በኋላ የሚነገርለት ሁሉ ስለ ራሱ ትግል መሆኑ ቀርቶ ስለ ሌላ ሰው ይሆናል።

አንድ ጊዜ በአስቄጥስ ሳምንቱ ሁሉ በጾም እንዲያልፍ ታወጀ። በዚያው ሳምንት ከሩቅ አገር የመጡ ወንድሞች ወደ ሙሴ ደረሱ፤ እርሱም እሳት አንድዶ ጥቂት ወጥ ሠራላቸው። ጎረቤቶቹ ጭሱን አይተው ለካህናቱ ከሰሱት። ካህናቱ አኗኗሩን ያውቁ ስለ ነበር እስከ ቅዳሜ ታገሡ፤ ከዚያም በሕዝብ ሁሉ ፊት፣ የሰውን ትእዛዝ አፍርሶ የእግዚአብሔርን ትእዛዝ እንደ ጠበቀ መሰከሩለት። ለ6 ዓመት ዓይኑን ያልከደነው ሰው ለእንግዳ ወጥ ሲሠራ ማየት እንዴት ደስ ያሰኛል! ጭሱን ያዩት ጎረቤቶች ግን ዛሬም አልጠፉም። በጾም ወራት የሰው ድስት ውስጥ ምን እንዳለ የምናውቅ ሰዎች ጥቂት አይደለንም።

በሌላ ጊዜ አንድ እንግዳ ወንድም ወደ በረሃው መጥቶ አስቀድሞ ወደ አባ አርሳንዮስ ሄደ። እኚህ አባት በቊስጥንጥንያ ቤተ መንግሥት የንጉሥ ቴዎዶስዮስን ልጆች ያስተማሩ ታላቅ ሊቅ ነበሩ፤ ሁሉን ትተው ዝምታን መርጠዋል። እንግዳው አብሯቸው ተቀመጠ፤ ዝም አሉ። አፍሮ ተነሣና ወደ ሙሴ ሄደ፤ ሙሴ በደስታ ተቀብሎ አስተናግዶ ሸኘው። ይህን የሰማ አንድ አባት፣ አንዱ ስለ እግዚአብሔር ሰውን ሲሸሽ ሌላው ስለ እግዚአብሔር ሰውን ሲያቅፍ እንዴት ይሆናል ብሎ ጸለየ። በራእይም በወንዝ ላይ 2 ታንኳዎች አየ። በአንዱ አባ አርሳንዮስ ከመንፈስ ቅዱስ ጋር በፍጹም ጸጥታ ይሄዱ ነበር። በሌላው ሙሴ ከመላእክት ጋር ተቀምጦ የማር እንጎቻ ይመገብ ነበር። የትኛው እንደሚበልጥ አልተነገረውም፤ በእኔ አስተያየት ጥያቄው ራሱ እዚያ ላይ አበቃ።

አንድ ወንድም አጥፍቶ ጉባኤ ሊፈርድበት በተሰበሰበ ጊዜ ሙሴን ጠሩት፤ አልመጣም። መልእክተኛ ሲልኩበት የተቀደደ ቅርጫት አሸዋ ሞልቶ በጀርባው ተሸክሞ መጣ። አሸዋው ከኋላው እየፈሰሰ መስመር ሠራ። ሊቀበሉት የወጡት ምን እንደ ሆነ ሲጠይቁት፣ የገዛ ኀጢአቱ ከኋላው እየፈሰሰ እርሱ ሳያየው፣ በሌላው ጥፋት ሊፈርድ መምጣቱን ነገራቸው። ጉባኤው ያን ወንድም ይቅር ብሎ ተበተነ። ምናልባት ይህን ታሪክ ከብዙ ስብከት የሰማችሁት ይሆናል። ለማንኛውም ከሰበካ ጉባኤ ምርጫ በፊት አንድ ጊዜ ደግሞ ቢነበብ አይከፋም።

በኋላ ሊቀ ጳጳሱ ቅስና ሾሙት። ነጩን ልብሰ ተክህኖ ሲያለብሱት አሁን ሁለንተናው ነጭ እንደ ሆነ ነገሩት፤ ሙሴም ውጭው እንደ ነጣ ውስጡም ቢነጣ እንደሚመኝ መለሰ። ሊፈትኑትም ስለ ወደዱ ወደ መቅደስ ሲገባ እንዲያባርሩት ካህናቱን አዘዙ። እነርሱም በጥቁርነቱ ሰድበው አስወጡት፤ እርሱ ምንም አልመለሰም፤ ራሱን እየወቀሰ ወጣ። ይህን ክፍል ሳነብ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። በዚህ አገር የቆዳ ቀለም ምን ያህል ሸክም እንደሚያሸክም ልጆቻችን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል፤ እንዲህ ያለው ፈተና ለፈታኞቹ ክብር አይደለም። በሌላ ጊዜም በጉባኤ መካከል እንዲሁ ተሰድቦ ዝም ብሏል። በኋላ ወንድሞች አልተከፋህምን ብለው ሲጠይቁት፣ ልቡ እንደ ታወከ፣ ነገር ግን እንዳልተናገረ ሳይደብቅ ነገራቸው። ቃሉ እንደማይሰማው ሰው አላስመሰለም። የተጻፈለት እንዲህ በመሆኑ ደስ ይለኛል፤ ያ ሰው ክብሩን ከሌላ ቦታ ስለ ተቀበለ መሰደቡን መካድ አላስፈለገውም።

ጳላድዮስ በ75 ዓመቱ ዐረፈ፣ 70 ደቀ መዛሙርትንም ተወ ይላል። አጽሙ በግብፅ በናትሮን ሸለቆ፣ በባራሙስ ገዳም፣ ከአባ ኤስድሮስ አጽም ጋር በአንድነት ይገኛል። አባትና ልጅ ዛሬም አልተለያዩም።

የሞቱ ነገር እንዲህ ነው። በ5ኛው መቶ ዓመት የመጀመሪያ ዓመታት በርበሮች አስቄጥስን ሊያጠፉ መጡ። ሙሴ መምጣታቸውን ዐውቆ ከእርሱ ጋር ለነበሩት 7 ወንድሞች መሸሽ የሚወድ እንዲሸሽ ነገራቸው። እርሱስ እንደ ሆነ ሲጠይቁት፣ ሰይፍ የሚያነሣ በሰይፍ እንደሚጠፋ ጌታ የተናገረው ቃል እንዲፈጸምበት ያን ቀን ለብዙ ዘመን ሲጠብቅ እንደ ኖረ መለሰ። በበጎቹ ደም የቀላውን፣ በጥርሱ ነክሶ ዓባይን የተሻገረበትን ሰይፍ አልረሳውም ነበር። ወንድሞችም አንሸሽም አሉ። በርበሮቹ ገብተው ሙሴንና አብረውት ያሉትን ገደሉ።

ከወንድሞቹ አንዱ ግን በሰይፉ ፊት ልቡ ፈርቶ ከተጠቀለለ ምንጣፍ ኋላ ተደብቆ ነበር። ከዚያ ሆኖ አክሊሎች ሲወርዱ አየ፤ መልአክም አንድ አክሊል በእጁ ይዞ ቆሞ ሲጠብቅ አየ። የማን እንደ ሆነ ገባው። ምንጣፉን ገፍቶ ወጣ።